በሕፃናት ሕክምና ምርምር የልዩ ልዩ ሙያዎች ትብብር፤ ስለ «ፊስት» ጥናት የቀረበ ሒስ

የሕፃናት ሕክምና ምርምር የአንድ ሙያ ብቻ ሥራ እንዳልሆነ ሁሉም ይናገራል። ነገር ግን ልዩ ልዩ ባለሙያዎችን ማሰባሰብ ብቻውን ትብብር ይባላልን? ይህን ለመመርመር፣ በፕሮፌሰር ካትሪን ሜይትላንድ መሪነት ተካሂዶ በ2011 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር የታተመውን «ፊስት» የተባለውን ጥናት መርጠናል።

ጥናቱ የተካሄደው በኬንያ፣ በኡጋንዳና በታንዛኒያ በሚገኙ ስድስት ሆስፒታሎች ነው። ብርቱ ትኩሳት ይዟቸው የደም ዝውውራቸው የተዳከመ 3141 ሕፃናት በዕጣ በሦስት ተከፈሉ። ለአንደኛው ክፍል የጨው ውሃ፣ ለሁለተኛው አልቡሚን በደም ሥር በፍጥነት ተሰጠ፤ ለሦስተኛው ግን በዝግታ የሚገባው የተለመደው ፈሳሽ ብቻ ነበር።

ውጤቱ ያልተጠበቀ ሆነ። በመጀመሪያው ሰዓት ፈሳሽ በፍጥነት ከተሰጣቸው መካከል የደም ዝውውራቸው የተሻሻለላቸው በዙ። በ48 ሰዓት ውስጥ ግን ከአልቡሚኑ ክፍል ከመቶ 10.6፣ ከጨው ውሃው 10.5 ሲሞቱ፣ ከሦስተኛው ክፍል የሞቱት 7.3 ነበሩ።

እንግዲህ በአልጋው አጠገብ የቆመው ሐኪም በዓይኑ ያየው መሻሻልን ነው፤ የሞቱን ብልጫ የገለጠው ቁጥሩ ነው። ከአካሚዎቹ ተለይቶ መረጃውን የሚመረምር ኮሚቴ ስለነበረ፣ በእርሱ ምክር የሕፃናቱ ምዝገባ በጥር 2011 ከታቀደው 3600 ሳይደርስ ቆመ። በእኛ አስተያየት የጥናቱ ዋና ብልሃት ይህ ነው፤ ይኸውም ማከምና መቁጠር በተለያየ እጅ መሆናቸው፣ ቆጣሪውም «ይቁም» ለማለት ሥልጣን ማግኘቱ ነው።

ጉድለቱም ከዚሁ ጋር የተያያዘ ነው። ጥናቱ ሕፃናቱ መሞታቸውን በጥንቃቄ ቆጠረ፤ ለምን እንደሞቱ ግን በዚያን ጊዜ አልመለሰም። የፈጣኑ ፈሳሽ ጉዳት በአተነፋፈስ፣ በአንጎል ሥራና በደም የአሲድ ሚዛን ላይ መሆኑን የሚጠቁም ዝርዝር ትንተና የወጣው በ2019 ነው። የዓለም የጤና ድርጅት መመሪያውን ያጠበበውም በ2016 ነበር። የፊዚዮሎጂና የላቦራቶሪ ባለሙያ ገና ከዕቅዱ ጀምሮ እንደ ቆጣሪው የጠነከረ ድምፅ ቢኖረው ኖሮ፣ ክርክሩ ባጠረ ነበር ብለን እናምናለን።

አንዳንዶች፣ ሆስፒታሎቹ የመተንፈሻ መሣሪያ ያለው የጽኑ ሕሙማን ክፍል ስላልነበራቸው ውጤቱ ለሌላ ቦታ አይሠራም ብለዋል። ይህ ተገቢ ገደብ ነው። ሆኖም እጅግ ብዙ ሕፃናት የሚታከሙት እንዲህ ባሉ ሆስፒታሎች ስለሆነ፣ የጥናቱን ዋጋ አይቀንሰውም።

ስለዚህ ከመካከላችን በኅብረት ምርምር የሚያቅዱ ሁሉ፣ ስንት ሙያ እንደተወከለ ከመጠየቃቸው በፊት፣ የትኛው ሙያ የትኛውን «ተሳስተሃል» ለማለት እንደሚችል በጽሑፍ ይወስኑ። እርስ በርሱ የማይተራረም ጉባኤ፣ ምንም ያህል ሊቃውንት ቢበዙበት፣ የሚያየው በአንድ ዓይን ነው።