የመጽሔት ሽፋንና ተማሪው ሠዓሊ

የመጽሔት ሽፋን የቤት ደጃፍ ነው፤ እንግዳው የባለቤቱን ጠባይ ገና ሳይገባ ከደጃፉ ይገምታል። ስለዚህ የግራፊክ ጥበብ ተማሪ ለልምምድ የሚያዘጋጀውን ሽፋን እንደ ቀላል ነገር ልናየው አይገባም።

በተማሪዎች ሥራ ደጋግመን የምናየው ጉድለት፣ ሥዕሉ አስቀድሞ ተሠርቶ ፊደሉ በተረፈው ቦታ መጨመሩ ነው። ይህም አማርኛን ይበልጥ ይጎዳል። የላቲን ጽሕፈት አርእስቱን በትልልቁ ፊደል ሊለይ ይችላል፤ የእኛ ፊደል ግን ይህ ልዩነት ስለሌለው አርእስቱ የሚለየው በመጠን፣ በውፍረት፣ በቀለምና በዙሪያው በሚተወው ባዶ ቦታ ነው። «ሉ» እና «ሊ» የሚለያዩት በአንዲት አጭር ጭረት አቀማመጥ ነው፤ ፊደሉ ሲጨመቅ ይኸው ልዩነት ይጠፋል።

አንዳንዶች ሐረግ በሽፋኑ ሁሉ በመንዛት ሥራቸውን ኢትዮጵያዊ ያደረጉ ይመስላቸዋል። ነገር ግን የብራና ጸሐፊዎቻችን ያወረሱን ጌጡን ብቻ ሳይሆን ሥርዓቱንም ጭምር ነው። እነርሱ ብራናውን በወስፌ ወግተው መስመር ካሰመሩ በኋላ ይጽፉ ነበር፤ መክፈቻውን በቀይ ቀለም ይለያሉ፤ ሐረጉም የገጹን ራስ ያስጌጣል እንጂ ቃሉን አይሸፍንም።

አለ ፈለገ ሰላም በ1950 ዓ.ም. የመሠረቱትና ዛሬ በስማቸው የሚጠራው ትምህርት ቤት ተማሪዎችም ሆኑ ሌሎች፣ ይህን ሥርዓት ቢመረምሩ ይጠቀማሉ እንላለን። በኮምፒዩተር መስኮት የደመቀው ቀለም በ4ቱ የማተሚያ ቀለሞች ሲታተም ይደበዝዛልና፣ ሽፋኑን በወረቀት አትሞ ከሩቅ ማየትም ይገባል። ከሩቅ የማይነበብ አርእስት፣ ሥዕሉ ምንም ቢያምር፣ አንባቢን ወደ ውስጥ አይጠራም።