የመምህሩ ውድቀት በ«ሰማያዊው መልአክ» ሲኒማ

እንደ ኤውሮጳ አቈጣጠር በ1930 ዓ.ም. በበርሊን ከተማ ለመጀመሪያ ጊዜ የታየው «ሰማያዊው መልአክ» የተባለው ሲኒማ፥ በጀርመን አገር ድምፅ ያለው ሲኒማ ገና በተጀመረበት ዘመን የተሠራ ነው። ያዘጋጀው ዮሴፍ ፎን ሽተርንበርግ ሲሆን፥ ታሪኩ የተወሰደው ሃይንሪሕ ማን በ1905 ካሳተመው ልብ ወለድ መጽሐፍ ነው። ስሙን ብቻ ሰምቶ ስለ መላእክት የተነገረ ነው ብሎ የሚያስብ ሰው ቢኖር ይሳሳታል፤ ሰማያዊው መልአክ በአንዲት የወደብ ከተማ ያለ የመጠጥና የዘፈን ቤት ስም ነውና።

ይህን ታሪክ የሚተርኩ ብዙዎች አንዲት ክፉ ሴት አንድን ጨዋ መምህር አስታ አጠፋችው ብለው በአጭሩ ይቋጩታል። ነገሩን ቀረብ ብሎ የተመለከተ ግን እንዲህ አይፈርድም። መምህሩ ኢማኑኤል ራት እንግሊዝኛ የሚያስተምር፥ ዕድሜው የገፋ፥ ሚስት የሌለው፥ በተማሪዎቹ ዘንድ የሚፈራ እንጂ የማይወደድ ሰው ነው። ተማሪዎቹም በስሙ ላይ ሁለት ፊደል ጨምረው በቋንቋቸው «ቆሻሻ» የሚል ትርጉም ያለው ቅጽል ስም አውጥተውለታል። ሲኒማው ሲጀምር ቁርሱ ቀርቦለት በሽቦ ጎጆ ላለችው ወፉ ያፏጭላታል፤ መልስ ያጣል፤ ቀርቦ ቢያያት ሞታለች። የቤቱ ሠራተኛ ሬሳዋን ተቀብላ ወደ ምድጃ ትወረውራታለች። በኋላ በዘፋኟ ክፍል አድሮ ሲነቃ ሕያው ወፍ ስትዘምር ይሰማል። አዘጋጁ በእነዚህ በሁለቱ ወፎች የነገረውን በብዙ ቃል ቢጽፈው ባልተሻለ ነበር። ምኞት የዚህን ሰው ቤት ሰብሮ አልገባም፤ ባዶ ሆኖ ስላገኘው ገባ እንጂ።

ማርሌኔ ዲትሪሽ የምትጫወታት ሎላ ሎላ የተባለችው ዘፋኝም ማንነቷን ከማንም አትሸሽግም፤ በመድረክ ላይ ቆማ በሰው ሁሉ ፊት ትዘፍነዋለች። መምህሩ «ላግባሽ» ባላት ጊዜ እንኳ መጀመሪያ የሰጠችው መልስ ሳቅ ነበር።

የውድቀቱ ደረጃ ከሁሉ ይልቅ የሚታየው በአንድ ትንሽ ነገር፥ በፖስታ ካርድ ነው። በካርዱ ላይ የሎላ ሥዕል አለ፤ ቀሚሷ እውነተኛ ላባ ስለ ሆነ እፍ ሲሉበት ይገለጣል። መምህሩ ካርዱን ከተማሪዎቹ ይቀማል፤ ብቻውን በሆነ ጊዜ ግን ራሱ እፍ ይልበታል። ከሥራው ተሰናብቶ ካገባት በኋላ እነዚያው ካርዶች ከሻንጣ ወድቀው ሲበተኑ ያያል፤ በእጁ አንዲት ሳንቲም እስካለች ድረስ እንዳይሸጡ በቍጣ ይናገራል። ብዙ ሳይቈይ ጢሙ አድጎ፥ ልብሱ ተጐሳቍሎ፥ በጠጪዎች መካከል እየዞረ ካርዱን ሲሸጥ ይታያል።

የዶሮው ጩኸትም እንዲሁ ነው። በሠርጉ ማዕድ ላይ ምትሐተኛው ኪፐርት ዕንቍላል ከአፍንጫው ሲያወጣለት፥ ሎላ እንደ ሴት ዶሮ ስታሰማ፥ ሙሽራው ደስ ብሎት እንደ አውራ ዶሮ ኩኩሉ ይላል። ከዓመታት በኋላ ባስተማረበት ከተማ ፊቱን ተቀብቶ ቀልደኛ ሆኖ ይቆማል፤ የቀድሞ ባልደረቦቹና ተማሪዎቹ ሊያዩት መጥተዋል። ምትሐተኛው ዕንቍላል በራሱ ላይ እየሰበረ «ጩህ» ይለዋል። በዚያው ሰዓት ሚስቱ ከመጋረጃው በስተኋላ ከሌላ ወንድ ጋር ስትሳሳም ያያል። ኤሚል ያኒንግስ ድምፅ በሌለው ሲኒማ የሠለጠነ ተዋናይ ስለ ሆነ ሌላ ጊዜ ፊቱን ከሚገባው በላይ ያንቀሳቅሳል፤ እዚህ ላይ ያሰማው ጩኸት ግን ከሰውም ከእንስሳም ጉሮሮ የወጣ አይመስልም። ጴጥሮስን ያነቃው የዶሮ ጩኸት ነበር፤ ይህን ሰው የሚያነቃው የራሱ ድምፅ ነው።

በመጽሐፉ መምህሩ ከተማውን በቁማር አጥምዶ ይበቀላል። ሲኒማው በቀሉን መተዉ መልካም ነው፤ በቀል ቢኖር ኖሮ ተመልካቹ መጽናኛ ያገኝ ነበር።

ከባዱ ክስ ግን በአዘጋጁ በራሱ ላይ የሚቀርበው ነው። ዲትሪሽ በዚህ ሲኒማ በዓለም ሁሉ ታወቀች፤ ዘፈኗም ከመምህሩ ሬሳ ይልቅ በሰው ልብ ቀረ። እንግዲህ አዘጋጁ ካርዱን ሊወቅስ አንሥቶ መልሶ ሸጠው፥ ላባውንም እፍ የሚለው ተመልካቹ ሆነ ቢባል ሐሰት አይደለም። ይህን ማስተባበል አይቻልም። ሆኖም በሎላ ዘፈን የተደሰተው ተመልካች በዚያው ወንበር ሳለ የመምህሩን ውርደት ሊያዩ የመጡትን ሰዎች ያያል፤ ከእነርሱ በምን እንደሚለይ ግን ማንም አይነግረውም።

መምህሩ ሎላን አንቆ ሊገድላት ሲል ይዘው እንደ እብድ ያስሩታል። በሌሊት ከእስራቱ ሲፈታ፥ እርስዋ በመድረክ ላይ ስትዘፍን፥ በዝግታ ወጥቶ ወደ ቀድሞው ትምህርት ቤቱ ይሄዳል። ዘበኛው ተከትሎት ቢገባ በመምህሩ ጠረጴዛ ላይ ተደፍቶ ሞቶ ያገኘዋል፤ ጣቶቹ የጠረጴዛውን ጠርዝ አጥብቀው እንደ ያዙ ነበሩ።