የድምር ሥርዐት

ከመንዝ፣ ከመሐል ሜዳ የመጣ አንድ ወጣት ባለሙያ፣ የምንነድፈውን የትይዩ ስሌት ቋንቋ ሲመረምር ውሎ፣ «ጋሼ፣ ኮምፓይለሩ ሥራውን ለፕሮሰሰሮቹ ራሱ ካደለ፣ ድምሩ በምን ተራ እንደሚሄድ መደንገግ ለምን አስፈለገ?» ብሎ ጠየቀኝ። ለዓመታት የሚሟገቱኝ ባልደረቦቼም የሚሉት ይህንኑ ነው፤ ፍጥነትን የሚያመልክ ሰው የመደመርን ተራ ትርፍ ነገር አድርጎ ይቆጥረዋል።

ባለ64 ቢት ተንሳፋፊ ቁጥር ከ16 አኀዝ በላይ እምብዛም ስለማይሸከም፣ በአሥር ሺሕ ትሪሊዮን ላይ 1 ደምሮ ያንኑ አሥር ሺሕ ትሪሊዮን የቀነሰ ሰው 0 ያገኛል፤ አስቀድሞ ቀንሶ ኋላ 1 የደመረ ግን 1 ያገኛል። እንግዲህ ከሺሕ ፕሮሰሰሮች ቀድሞ የጨረሰው ቀድሞ እንዲደምር ቢፈቀድ፣ ያው ፕሮግራም በያው መረጃ ዛሬ የሚሰጠው ውጤት ከትናንቱ ሊለይ ይችላል። ልዩነቱ ኢምንት ነው ይሉኛል፤ ነገር ግን የሜትሮሎጂ ሊቁ ኤድዋርድ ሎሬንዝ በ1961 እ.ኤ.አ. በ0.506127 ፈንታ 0.506 አስገብቶ የአየር ጠባይ ስሌቱን ቢደግም፣ ውሎ አድሮ ፈጽሞ ሌላ አየር ወጣለት። የመንዝን ዝናብ ለሚያሰላማ ነገሩ ይብሳል፤ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍ ካለው ጓሳ ወደ ኤፍራታ ቆላ፣ ከመርሐቤቴም ወደ ጀማ ሸለቆ ምድሩ በአጭር ርቀት ስለሚያሽቆለቁል፣ ዐይኑ ሰፊ የሆነ የስሌት መረብ ደጋውንና ቆላውን ይደባልቃል፤ የመረቡን ዐይን በግማሽ ሲያጠቡት ደግሞ ዐይኖቹ በአራት እጥፍ በዝተው የጊዜውም እርምጃ በግማሽ ስለሚያጥር፣ ሥራው ስምንት እጥፍ ይሆናልና ያለ ብዙ ፕሮሰሰር አይሞከርም።

የዘመንና የበዓላት ማስያ የሆነውን ባሕረ ሐሳብ ያስተማሩኝ የኔታ ይህን ክርክር ቢሰሙ ይደነቁ ነበር። ለ2017 ዓመተ ምሕረት 7517 ዓመተ ዓለምን በ19 የገደፈ 12 ይተርፈዋል፤ አንዱን ለዘመን ሲተው ወንበሩ 11 ይሆናል፤ 11 በ11 ተባዝቶ በ30 ሲገደፍ አበቅቴው 1፣ ከ30 የሚቀረው መጥቅዑም 29 ነው፤ በግሼም ቢሰላ በጎንደር ያው ነው። «ያ እኮ ሙሉ ቁጥር ነው» ይላል ተቃዋሚዬ፤ እውነቱን ነው፤ እኔም የምለው ሙሉ ቁጥር በባሕርዩ ያገኘውን ጽናት ተንሳፋፊው ቁጥር ከቋንቋው ድንጋጌ ያግኝ ነው። በ1994 እ.ኤ.አ. የወጣው የፕሮሰሰሮች መልእክት መለዋወጫ መስፈርት፣ ኤም ፒ አይ (MPI) እንኳ፣ ያው መረጃ ያው ውጤት እንዲሰጥ አጥብቆ ይመክራል እንጂ አያዝም፤ ምክር ደግሞ በጥድፊያ ቀን የሚሰማው የለም።

ስለዚህ በእኛ ቋንቋ «ደምር» የሚለው ትእዛዝ የድምሩን ዛፍ፣ ማለትም የትኛው ቁጥር ከየትኛው ጋር በምን ተራ እንደሚደመር፣ አስቀድሞ ይወስናል፤ ፕሮሰሰሩ አራትም ይሁን አራት ሺሕ ዛፉ አይለወጥም። ጥድፊያ የሚሻ «ልቅ ደምር» ብሎ በገዛ እጁ ይጻፍ፣ ያነበበውም ይወቅበት። በዚህ ሙያ ያረጀሁት ፈጣን ነገር ለመሥራት አይደለም፤ በደብረ ብርሃን የሚያሰላው ተማሪ፣ ከኔ የወጣውን አኀዝ እስከ መጨረሻው ቢት አግኝቶ፣ ወይም አጥቶ፣ ፊት ለፊት እንዲከራከረኝ ነው።