ዓይን ቀድሞ ሲሄድ፦ ውሳኔ በፖርትሬት ፎቶግራፍ

ፈረንሳዊው ፎቶ አንሺ ሄንሪ ካርቲየ-ብሬሶን እ.ኤ.አ. በ1952 መጽሐፉን ካሳተመ ወዲህ «ወሳኙ ቅጽበት» የአንሺው ንብረት ሆኖ ቀርቷል፤ መቼ እንደሚጫን የሚያውቀው እሱ ነውና። እዚህ የማነሳው ግን የተነሺውን ውሳኔ ነው። አንድ ሰው ሊሄድ ወይም ሊቀር፣ ሊምር ወይም ሊገድል ልቡ ሲቆርጥ፣ ይህ ከማይንቀሳቀስ ምስል ላይ ይነበባል ወይ?

ከታሪካችን የቀረበው ማስረጃ ያለው በእንግሊዝ ነው። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. መቅደላ ስትወድቅ የእንግሊዙ ጄኔራል ናፒየር ጦር ፎቶግራፍ የሚያነሱ መሐንዲሶች ይዞ ነበር። አምባውን አነሱት። የዐፄ ቴዎድሮስን የመጨረሻ ውሳኔ ግን ካሜራ አላየውም፤ ከሞቱ በኋላ ፊታቸው በእጅ ተነደፈ እንጂ። የዚያን ዕለቱን ቴዎድሮስ ያቆዩልን ሠዓሊዎችና ጸሐፌ ተውኔቶች ናቸው።

በዚያው ክረምት እንግሊዛዊቷ ፎቶ አንሺ ጁሊያ ማርጋሬት ካሜሮን የሰባት ዓመቱን የቴዎድሮስ ልጅ ልዑል ዓለማየሁንና ሞግዚቱን ካፒቴን ስፒዲን፣ የእኛ ሰዎች «ባሻ ፈለቀ» የሚሉትን፣ በዋይት ደሴት አነሳቻቸው። ከምስሎቹ አንዱ በቀጥታ ስለ ውሳኔ ነው፤ ርዕሱ በአማርኛ «መውጋት ወይስ መማር» ቢባል ያስኬዳል። ስፒዲ የሐበሻ ልብስ ለብሶ፣ ከበታቹ ባለ ሰው ላይ ጦር ይዞ ቆሟል። በእኔ ፍርድ ይህ ምስል አልተሳካም። ካሜሮን ተነሺዎቿን ለደቂቃዎች ሳይነቃነቁ በማቆየት ትታወቃለች፤ ለደቂቃዎች የተያዘ ጦር ደግሞ እንደማይወርድ ማንም ያውቃል። እጅም፣ ዓይንም፣ ጦርም አንድ ነገር ስለሚናገሩ ማመንታት የሚገባበት ቀዳዳ ጠፍቷል። መቅደላ ከተዘረፈች በጥቂት ወራት ውስጥ አንድ እንግሊዛዊ የእኛን ልብስ ለብሶ የምሕረት ሥልጣንን ሲተውን ማየትም ያማል።

ዓለማየሁ ብቻውን የተነሳበት ምስል ግን ሌላ ነው። አባቱ ሞተዋል፤ እናቱ እቴጌ ጥሩወርቅ ከመቅደላ ሲወርዱ በመንገድ ላይ አርፈዋል፤ በሕይወቱ ላይ የሚወስኑት ሌሎች ናቸው። አካሉ ባስቀመጡት ቦታ ተቀምጧል፣ ጌጡም በአንገቱ ላይ ነው፤ ዓይኑን ግን አልሰጠም። ተመልካቹን የሚያስቆመው ይህ የአካልና የዓይን አለመስማማት ነው። ውሳኔ በፎቶግራፍ የሚታየው አንዱ የአካል ክፍል ሄዶ ሌላው ገና ሳይከተል ሲቀር ነው ብዬ የምከራከረውም ከዚህ ተነስቼ ነው።

ይህን ለመፈተን ጎሮ ጥሩ ቦታ ነው። ከአይሲቲ ፓርክ ጎን ባደገው በዚህ ሰፈር፣ እንደ ሌላው አዲስ አበባ ሁሉ፣ የፎቶ ቤት የዕለት እንጀራ ጉርድ ፎቶ ነው። ሰው ጉርድ ፎቶ የሚነሳው ደግሞ አንድ ነገር ሲቆርጥ ነው፤ ሥራ ሊያመለክት፣ ሊመዘገብ፣ ዓረብ አገር ሊሄድ። የዓለም አቀፉ የጉዞ ሰነድ ደንብ ግን አፍ ይዘጋ፣ ዓይን ይከፈት፣ ፊት ስሜት አያሳይ ይላል። አንዲት ወጣት በነጩ መጋረጃ ፊት ስትቀመጥ ተመልክቻለሁ። «አገጭ ዝቅ፣ እህት፤ ትከሻሽን ቀና» አላት አንሺው። ከዚያ በፊት ለብርሃን ሙከራ በተጫነው ምስል ላይ እጇ ሻሿን ይዟል፣ ዓይኗ በሩ አጠገብ ወደቆሙት እናቷ ሄዷል። ቀጥሎ የመጣው ፊት ደንቡን አሟልቶ ታተመ። የመጀመሪያው ተሰረዘ።

ጥፋቱን በደንቡ ላይ ብቻ ማሳበብ አይቻልም። ከስደት እ.ኤ.አ. በ2007 የተመለሰችውና አዲስ ፎቶ ፌስትን በ2010 የመሠረተችው ፎቶ አንሺ አይዳ ሙሉነህ፣ በ2016ቱ «ዓለም ዘጠኝ ናት» ተከታታይ ሥራዋ የሴቶቹን ፊት በቀለም ሸፍና ስሜትን ከገጽ ላይ ታነሳለች። ያኔ የአንገት ዘወር ማለትና የጣት አያያዝ ይገናል። የረጋ ፊት ውሳኔን አይደብቅም፤ አንሺው ሌላውን አካል ከክፈፉ ካላስወጣው በቀር።

ስለዚህ የጎሮ ፎቶ ቤት ባለሙያዎች ሆይ፣ ለሰነዱ የሚሆነውን አትማችሁ ስጡ፤ ከ«ተዘጋጂ» በፊት የተያዘውን ግን ከመሰረዛችሁ በፊት ለባለቤቱ አሳዩ፣ ከፈቀደም አትሙለት።