ለቀብሩ ሁላችን፣ ለጣሩ ማን?

እኛ ሰው መቅበር እናውቃለን። ይህን የሚክደን የለም። ቀጠሮ ብናፈርስ፣ የሁለት ሰዓቱን ስብሰባ በአራት ሰዓት ብንጀምር፣ ለቅሶ ላይ ግን ሰዓት አክባሪዎች ነን። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ነፍሱ የወጣች ሰው ጎህ ሳይቀድ ጥሩምባ ይነፋለታል። ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ድንኳኑ ተተክሎ፣ ወንበሩ ተደርድሮ፣ ንፍሮው ተጥዶ፣ የዕድሩ ጸሐፊ መዝገባቸውን ይዘው ማን መጣ ማን ቀረ እያሉ ያያሉ። የቀረ ይቀጣል። ከስታዲየም ተነስታችሁ በእስጢፋኖስ አጠገብ አድርጋችሁ ወደ ካዛንቺስ ብትወጡ፣ ወይም ወደ ቂርቆስ ብትወርዱ፣ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ተሰብስበው የሚሄዱ እናቶች የማታዩበት ሳምንት የለም። ሀብታሙም ድሃውም ቀባሪ አያጣም። በዚህ ነገር የሚበልጠን ሕዝብ ያለ አይመስለኝም።

ታዲያ አንድ ጥያቄ ልጠይቅ። ሰውየው ከመሞቱ በፊት በነበሩት ስድስት ወራት ይህ ሁሉ ሰው የት ነበር?

አልጠየቅነውም አልልም። ጠይቀነዋል። ብርቱካን በፌስታል አንጠልጥለን ሄደን አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠናል። «ዛሬማ ፊትህ በራ ብሏል» ብለነዋል። እሱ ትራሱ ላይ ሆኖ እያየን ስለ ኑሮ ውድነትና ስለ ትራንስፖርት እርስ በርስ አውርተናል። ከዚያ «እግዜር ይማርህ» ብለን ወጥተን ከበሩ ውጭ፣ «አይ፣ ይሄ ሰው እንኳን አይተርፍም» ተባብለናል። እሱ ግን ከዚህ ሁሉ ወሬ የደረሰው የበራው ፊቱ ብቻ ነው።

ስታዲየም አካባቢ አንድ ሻይ ቤት የምናዘወትር ሰዎች የምናከብራቸው አንድ ሽማግሌ ነበሩ። በ1954 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ግብፅን 4 ለ 2 አሸንፋ የአፍሪካን ዋንጫ ስታነሳ፣ ልጅ እግር ሆነው እዚያው ስታዲየም ውስጥ ነበሩ። ያን ቀን ሲያወሩልን ማኪያቷችን ይቀዘቅዝ ነበር። መደበኛው ሰዓት 2 ለ 2 አልቆ ሁለቱ ግቦች በተጨማሪ ሰዓት እንዴት እንደገቡ እጃቸውን እያወናጨፉ ያሳዩናል። እኚህ ሰው ታመሙ። ስሙን የማልጠራው አንድ ሆስፒታል ተኙ። ሐኪሙ ውጤቱን ይዞ መጣና በአልጋው አጠገብ አልፎ ልጆቻቸውን ወደ ኮሪደር ጠራ። ልጆቹ አልቅሰው፣ ፊታቸውን ታጥበው ተመለሱና፣ «አባዬ፣ ጨጓራ ነው አሉ» አሏቸው። ከዚያ በኋላ ለጠያቂ ሁሉ በር ላይ ማስጠንቀቂያ ይሰጥ ነበር፤ «ካንሰር የምትለዋን ቃል እንዳታነሱ!»

አንድ ቀን ልጆቹ ምግብ ሊያመጡ ወጥተው ሁለታችን ቀረን። ሽማግሌው ዝም ብለው ቆዩና እንዲህ አሉኝ፤ «ያኔ ተጨማሪ ሰዓት ሲሰጥ እኮ ተጫዋቾቹ ያውቁ ነበር። ስንት ደቂቃ እንደቀረ ስታዲየሙ ሁሉ አውቆ ለተጫዋቹ የማይነገርበት ጨዋታ አይቼ አላውቅም።»

እኚህ ሰው ድሬዳዋ የሚኖር ታናሽ ወንድም ነበራቸው። በአባታቸው ቤት ውርስ ተጣልተው ሃያ ዓመት አልተነጋገሩም። «ሲሻለኝ ወርጄ እታረቀዋለሁ» ይሉ ነበር። እንደማይሻላቸው የሚነግራቸው ስላልተገኘ አልወረዱም፤ ወንድምየውም አልተጠራም። ለቀብሩ ግን በአውሮፕላን ደረሰ። ከሁሉም በላይ የጮኸው እሱ ነበር። ዕድሩም ሥራውን በሚገባ ሠራ፤ አንድ ወንበር እንኳን አልጎደለም።

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይላል የአገራችን ሰው። በሽታውን ከባለቤቱ ስለደበቀ ቤተሰብ ግን የተተረተ ነገር የለም። እንዲያውም እንደ ደግነት ይቆጠራል። መርዶን ተመልከቱ። ልጅ እናቱ ከሞተች ሳምንት ሆኗት ሥራ ሲውል፣ ሲስቅ ይሰነብታል፤ አንድ ቀን ንጋት ላይ በሩን አንኳኩተው ዘመድ ወዳጅ ይገቡበታል። ሰውን ከሐዘን የምናድነው በማታለል ይመስለናል። መርዶ ግን ቢዘገይም ይደርሳል። ለሚሞተው ሰው የተደበቀው ወሬ ሲገለጥ ግን ማድረግ የሚችለው ነገር አልቋል።

ይህን ሳስብ ከእኛ በጣም የራቁ ሰዎች ትዝ ይሉኛል፤ የቡድሃ ተከታዮች። ሃይማኖታችሁን ለውጡ እያልኩ አይደለም። ግን እነዚህ ሰዎች ሞትን ማሰብን እንደ ትምህርት ይዘውት ሁለት ሺህ አምስት መቶ ዓመት ገደማ ቆይተዋልና ብናዳምጣቸው አንጎዳም። ከጥንት መጻሕፍታቸው በአንዱ ላይ ቡድሃ መነኮሳቱን ሞትን እንዴት እንደሚያስቡ ይጠይቃቸዋል። አንዱ፣ «አንድ ቀንና አንድ ሌሊት ብኖር እያልኩ አስባለሁ» ይላል። ሌላው ቀኑን ብቻ፣ ሌላው አንድ ማዕድ በልቼ እስክነሳ ይላል። የመጨረሻው፣ ያስገባሁትን ትንፋሽ እስካወጣ ብቻ ብኖር እያልኩ ነው ይላል። ቡድሃ አንድ ቀን ያለውን ሳይቀር ቸልተኛ ብሎ ትንፋሹን የቆጠረውን አመሰገነ። እኛ እንግዲህ ሰማንያ ዓመት የሞላውን ሰው፣ «ገና ምን አየህና!» የምንል ነን።

ከዚህ የበለጠ ልቤን የነካው ግን የአንድ ባልና ሚስት ታሪክ ነው። ባልየው ክፉኛ ታመመ። ሚስቱ አጠገቡ ተቀምጣ፣ ሐሳብ ይዘህ እንዳትሞት ትለዋለች። ስለ ልጆቹ ተጨንቀህ እንደሆነ እኔ ጥጥ መፍተል አውቃለሁ፣ ቤቱን እይዛለሁ፤ ሌላ አገባለሁ ብለህ ፈርተህ እንደሆነም አላገባም እያለች ያስጨነቀውን ነገር አንድ በአንድ ታወርድለታለች። በታሪኩ ሰውየው ይድናል። ቢሞትም ኖሮ ግን ቀልሎት ይሞት ነበር። ጥጥ የምትፈትል ሚስት እንደሆነች በየቤታችን አለች። የጠፋው ወሬው ነው። እንዲህ ያለውን ነገር አፍ አውጥታ የተናገረች ሚስት እኛ ዘንድ «አሟረተችበት» ትባላለች።

በሌላ ታሪክ ደግሞ ቡድሃ ተቅማጥ ይዞት በገዛ እዳሪው ላይ የወደቀ መነኩሴ ያገኛል። ጓደኞቹ፣ ለማንም አይጠቅምም ብለው ትተውት ነበር። ቡድሃ ከደቀ መዝሙሩ ጋር ሆኖ ውኃ አስመጥቶ በእጁ አጠበው። ከዚያም መነኮሳቱን ሰብስቦ፣ እኔን ልታገለግሉ የምትሹ ብትሆኑ በሽተኛውን አስታሙ የሚል ትእዛዝ ሰጣቸው። የማቴዎስን ወንጌል ምዕራፍ 25 የሚያውቅ አንባቢ ይህን ሲሰማ እንግዳ አይሆንበትም።

እንግዳ የማይሆንብን ይህ ብቻ አይደለም። የእኛ መነኩሴ ቆብ ሲደፋ እንደሞተ ተቆጥሮ የሙታን ጸሎት ይጸለይለታል። ባሏ የሞተባት አሮጊት ቆብ ደፍታ፣ መገነዣዋን አስፈትላና አሠርታ በሣጥን አስቀምጣ፣ «ይቺ የኔ ናት» እያለች የምታሳይበት ዘመን ሩቅ አይደለም። የንስሐ አባት አለ፤ ኑዛዜ አለ፤ ቀንዲል አለ። ሙስሊም ጎረቤቶቻችን በጣር ላይ ላለ ሰው ጆሮ ሸሃዳውን ቀስ ብለው ያስታውሱታል። ልፋፈ ጽድቅን የእንግሊዙ ምሁር ዎሊስ በጅ እ.ኤ.አ. በ1929 ሲያሳትመው «የኢትዮጵያ የሙታን መጽሐፍ» ብሎታል። ከዚያ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ በ1927 የቲቤቶቹ «የሙታን መጽሐፍ» በእንግሊዝኛ ታትሞ ነበር። ልዩነቱን ልብ በሉ። የቲቤቶቹ ነፍሱ ልትወጣ ላለችና ለወጣችም ሰው፣ አትፍራ፣ መንገዱ ይሄ ነው እየተባለ በአጠገቡ የሚነበብ ነው። የእኛው ከሬሳው ጋር የሚቀበር ሆኖ ነው የሚታወቀው።

የእኔ ወቀሳ እዚህ ላይ ነው። ለሞት መዘጋጀትን ለቀብር መዘጋጀት አደረግነው። ኑዛዜው ለንብረት፣ ካህኑ ለፍትሐት፣ ዕድሩ ለድንኳን ሆነ። ካህኑ የሚጠሩት ሰውየው መናገር ሲያቅተው ነው፤ ቀድመው ቢመጡ ይደነግጣል ተብሎ። «ከሞቱ አሟሟቱ» የሚል ተረት ያለን ሕዝብ አሟሟቱን ትተን መቃብሩን ያዝን።

«ከነገርነው ተስፋ ቆርጦ ይሞታል» የሚሉኝ ብዙ ናቸው። ስጋቱን አልንቀውም፤ ከፍቅር የመጣ ነው። በእኛም ብቻ አልተጀመረም። ቡድሃን በምታከብረው ጃፓን እንኳን ካንሰርን ከታማሚው መደበቅ ለረጅም ጊዜ ልማድ ነበር። ንጉሠ ነገሥት ሂሮሂቶ እ.ኤ.አ. ጥር 1989 ሲያርፉ በሽታቸው ካንሰር መሆኑ ለሕዝቡ የተነገረው ከሞቱ በኋላ ነው። ዛሬ ግን እዚያም ለታማሚው መንገር የተለመደ ሆኗል። እ.ኤ.አ. በ1985 «ቪሃራ» የሚባል፣ በቡድሂዝም መንፈስ የሚሞቱ ሰዎችን የማስታመም ሐሳብ ተነሥቶ በ1992 ናጋኦካ ከተማ በሚገኝ ሆስፒታል ውስጥ የራሱ ክፍል ተከፍቶለታል። እንግዲህ መጽሐፍ ብቻውን ልማድ አይለውጥም፤ ልማድም ቢሆን ድንጋይ አይደለም። መንገር ማለት ደግሞ የሐኪም ወረቀት ፊቱ ላይ መወርወር አይደለም። «ስለ ሕመምህ ምን ያህል ማወቅ ትፈልጋለህ?» ብሎ መጠየቅ፣ አልፈልግም ካለ ማክበር፣ እፈልጋለሁ ካለ እጁን ይዞ ቀስ እያሉ መንገር ነው። የኛ ሽማግሌ ጠይቀው ነበር። መልስ አጡ እንጂ።

በወሬ ብቻ ደግሞ አይሆንም። የሚያቃስት ሰው ጆሮ የለውም። ለንደን ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1967 የመጀመሪያውን ዘመናዊ ሆስፒስ የከፈቱት ሲሲሊ ሳውንደርስ ነርስም ሐኪምም ነበሩ። የሚሞት ሰው ስቃይ የሥጋ፣ የአእምሮ፣ የቤተሰብና የመንፈስ ስቃይ አንድ ላይ ነው ብለው አስተማሩ። የሥጋውን ስቃይ በሚጠጣ ሞርፊን ማስታገስ ይቻላል፤ ውድም አይደለም። ነገር ግን «ሱስ ይሆንበታል» እየተባለ ስንት ሰው ግድግዳ እየቧጨረ ሞቷል! ሁለት ወር ለቀረው ሰው ሱስ መፍራት ምን የሚሉት ጥንቃቄ ነው? የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በዓለም ላይ የማስታገሻ እንክብካቤ ከሚያስፈልጋቸው ሰዎች የሚያገኙት 14 በመቶ ያህሉ ብቻ ናቸው። በእኛ አገር እ.ኤ.አ. በ2003 የተቋቋመው ሆስፒስ ኢትዮጵያ ነርሶቹን ወደየቤቱ እየላከ ይህን ሥራ ሲሠራ ቆይቷል። ግን ለስንት ሰው ይድረስ? ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ ቡድሂስቶች በ1987 የጀመሩት ዝነኛ የማስታመሚያ ሥራ እንኳን ማረፊያ ቤቱን በ2018 በገንዘብ እጥረት ዘግቷል። በበጎ ፈቃድ ብቻ ቤት አይቆምም።

ታዲያ እኛ ምን አለን? ዕድር አለና! በየወሩ የሚያዋጣ፣ ደንብ ያለው፣ ቤት ለቤት የሚያውቅ ማኅበር። ይህን ያህል የተዘረጋ ነገር ሌላው ዓለም በብዙ ገንዘብ አያገኘውም። ደግሞም ችሎ ያውቃል። በ1990ዎቹ ኤች አይ ቪ ወጣቱን ሲያረግፍ፣ መድኃኒቱ በ1997 ዓ.ም. በነፃ መሰጠት ከመጀመሩ በፊት፣ ቀብር የበዛባቸው አንዳንድ የአዲስ አበባ ዕድሮች ጥሩምባ መንፋት ብቻ እንደማያዋጣ ገብቷቸው ወደ ማስታመም ገብተው ነበር። አባሎቻቸው ሠልጥነው የታመመ ያጥቡ፣ ያጎርሱ፣ አንሶላ ይቀይሩ ነበር። ቀብሩ ሲቀንስ ግን ብዙው ዕድር ወደ ድንኳኑ ተመለሰ።

አሁን ደግሞ ጊዜው ጠብቧል። በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ካዛንቺስ ለኮሪደር ልማት ሲፈርስ ሰዉ ወደ ከተማው ዳርቻ ተበተነ። አርባ ዓመት አብሮ የኖረ ጎረቤት እዚህና እዚያ ሆነ። ቀብር ላይ እንደምንም ይገናኛል፤ ታክሲ ተሳፍሮ ይመጣል። ለአንድ ቀን ነዋ! የታመመን ሰው በየሁለት ቀኑ ብቅ ብሎ የሚያየው፣ ሌሊት የነቃችውን አስታማሚ «አንቺ ተኚ፣ እኔ አለሁ» የሚላት ግን የግድግዳ ጎረቤት ነበር። እሱ ሄዷል። ስለዚህ ዱሮ በጉርብትና ሳይጻፍ ይሠራ የነበረው አሁን ተጽፎ መሠራት አለበት።

በሚቀጥለው የወር ስብሰባ በየዕድራችሁ ይህን አንሱ። አንደኛ፣ ከቤተሰብ ለሚከፈለው የቀብር ገንዘብ ጥቂቱ ሰውየው በሕይወት ሳለ፣ ለመድኃኒቱና ለአስታማሚው ይሰጥ። ለሞርፊን ያልደረሰ ብር ለድንኳን ቢደርስ ሟቹ ምን ይጠቀማል? ሁለተኛ፣ በጠና የታመመ አባል ሲኖር ሁለት ሁለት ሰው በተራ ይደርበት፤ ብርቱካን ይዞ ሳይሆን ባዶ እጁን፣ ለመቀመጥ። ሦስተኛ፣ ከሽማግሌዎቹ አንዱ፣ «ማንን እንጥራልህ? ከማን ጋር እናስታርቅህ?» ብሎ ሰውየውን ራሱን ይጠይቅ፤ ድሬዳዋም ያለ ቢሆን ይጠራ። ጸሐፊውም መዝገባቸውን ይዘው ይገኙ።

የቀረ ይቀጣ።