በወረቀት ላይ ያረፈች ፀሐይ

ባለፈው ጥቅምት አንድ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሰገነቴ ላይ ወጥቶ፣ ከሩቅ ማያ መነጽሩ በነጭ ወረቀት ላይ ያረፈችውን የፀሐይ ምስል በእርሳስ ስከተል ቢያገኘኝ፣ «ጋሼ፣ ሳተላይቱ በየጥቂት ደቂቃው ፎቶግራፍ እያነሣ ለዓለም ሲያድል፣ እርስዎ ስለ ምን በእጅዎ ይደክማሉ?» ሲል ጠየቀኝ። ጥያቄው ከቅን ልብ የወጣ ስለ ነበር በሁለት ቃል ልቆርጠው አልወደድሁም።

በፀሐይ ፊት ላይ የሚታዩትን ጥቋቁር ነቁጦች መቍጠር ፍርድ የሚጠይቅ ሥራ ነው። ሩዶልፍ ቮልፍ በ19ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ በስዊስ አገር በደነገገው ሥርዓት፣ አንድ የነቁጦች ማኅበር ዐሥር ሆኖ ይቈጠራል፣ በውስጡ ላለው ለእያንዳንዱ ነቁጥም አንድ ይጨመራል፤ ስለዚህ ሁለት ጎረቤታሞች ነቁጦች የአንድ ማኅበር ናቸው ወይስ የሁለት የሚለው ፍርድ የዕለቱን ቍጥር በዐሥር ያናጋዋል። ይህንንም ፍርድ አጥርቶ የሚሰጠው፣ ነቁጦቹ ትናንትና ከትናንት ወዲያ ከየት እንደ በቀሉ በገዛ እጁ የሣለ፣ ፊተኛው ነቁጥ ከኋለኛው ይልቅ ወደ ፀሐይ ወገብ ቀረብ ብሎ የመሄድ ልማድ እንዳለው የለመደ ሰው ነው። ቮልፍ ራሱ ከቀደሙት ተመልካቾች እንዳይለይ ብሎ ደቃቆቹን ይተዋቸው ነበር፤ ተከታዩ አልፍሬድ ቮልፈር ግን አንዱንም ሳያስቀር ሁሉን ስለ ቈጠረ፣ ቍጥሩ ከመምህሩ ቍጥር ጋር እንዲስማማ በ0.6 ይባዛ ነበር። የሙያችን ክብር ለእኔ በዚህች 0.6 ውስጥ ነው፦ ተመልካች የገዛ ዓይኑን በሌላው ዓይን አስመዝኖ፣ ሚዛኑን ከስሙ አጠገብ ጽፎ ለተከታዩ ያስረክባል። ፎቶግራፉ ከእኔ አብልጦ እንደሚያይ አልክድም፤ ነገር ግን ከጋሊልዮ ዘመን ጀምሮ የተቀጠለው ሐረግ ከትንንሽ መነጽርና ከሰው ዓይን የተፈተለ ስለ ሆነ፣ ቀጣዩን ክር ከዚያው ጥጥ መፍተል ይገባል እላለሁ።

እንግሊዛዊው ሪቻርድ ካሪንግተንም እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 1 ቀን 1859 በዚሁ አኳኋን ነቁጥ ሲሥል ነበር፣ ከአንድ ታላቅ ማኅበር መካከል ሁለት ነጫጭ ብርሃኖች ቦግ ሲሉ ያየው። ምስክር ሊጠራ ሮጦ በአንድ ደቂቃ ውስጥ ቢመለስ ብርሃኑ ይከስም ጀምሯል። ከ17 ሰዓት በኋላ ከፀሐይ የተወረወረው የመግነጢስ ማዕበል ምድርን ደርሶ በብዙ ስፍራ የቴሌግራፉን ሽቦ አወከ፤ እርሱ ግን ሁለቱን ነገሮች ለማያያዝ አልቸኰለም። ይህን ትዕግሥቱን ከግኝቱ ባላነሰ አከብርለታለሁ።

እኔ ከነቁጦቹ ጎን የምጽፈው አንድ ሌላ ልኬት ደግሞ አለ። አባቴ የደብር አገልጋይ ነበሩና የቅዳሴውን ሰዓት የሚያውቁት ጥላቸውን በጫማ እየሰፈሩ ነበር፤ ልጅ ሳለሁ ከደጀ ሰላሙ ፊት ቀጥ አድርገው ያቆሙኝና የእኔን ጥላ በእኔው እግር እንድሰፍር ያዙኝ ነበር። ካረፉ ወዲህ በየሥዕሌ ጠርዝ የቀትር ጥላዬን ጫማ እጽፋለሁ፤ ለነቁጡ ቍጥር የሚጨምረው ነገር የለም፣ ግን ትቼው አላውቅም። ግንቦት 2 ቀን 2016 ዓ.ም. ደመናው ለጥቂት ጊዜ ቢገለጥልኝ፣ ወርዱ 15 ያህል መሬቶችን በተርታ የሚያሰልፍ ማኅበር ሣልሁ፤ በዚያች ሌሊት ከዚሁ ማኅበር በተነሣው ማዕበል በአውሮፓና በአሜሪካ ሰማዩ በቀይና በአረንጓዴ ብርሃን ተሸለመ። በዚያ ሥዕል ጠርዝ እንዲህ ተጽፏል፦ ጥላ ወደ ደቡብ፣ አንድ ጫማ።