ያልተጻፈ ቅኔ ባለቤቱ ማነው? በቅጂ መብት አዋጅ ላይ የቀረበ አስተያየት

«እገሌ ቅኔ ዘረፈ» ሲባል የሰማ እንግዳ ሰው ሌብነት የተፈጸመ ይመስለዋል። በቅኔ ቤት ቋንቋ ግን ቅኔ ዘራፊ ማለት የሌላውን የሚወስድ ሳይሆን ከራሱ አመንጭቶ በጉባኤ መካከል ያለ ወረቀት የሚያሰማ ባለሙያ ነው። የሌላውን ቅኔ የራሱ አስመስሎ ያቀረበ እንደሆነ ውርደቱ የራሱ ነው፤ ሌላው ይቅርና ትናንት ያሰማውን የገዛ ቅኔውን ዛሬ ቢደግመው እንኳ አያስመሰግነውም። እኛ ያደግነው በሚሲዮን ትምህርት ቤት ስለሆነ ይህን ያወቅነው ዘግይተን፣ ከቅኔ ቤት ከመጡ ጓደኞቻችን ነው፤ በሙያው በኩል የተሳሳትነው ቢኖር ዐዋቂዎች ያርሙን። በሕጉ በኩል ግን የምንለው አለን።

የምንተቸው የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996ን ነው። አዋጁ «ሥራ» የሚለውን ቃል ሲተረጕም መጽሐፍንና የጋዜጣ ጽሑፍን ብቻ ሳይሆን ንግግርን፣ ስብከትንና ሌላውንም በቃል የሚቀርብ ሥራ አብሮ ቆጥሮአል። ይህን ያነበበ ሰው አገራችን የቃል አገር መሆንዋን ሕግ አውጪው አስቦበታል ብሎ ደስ ይለዋል። ወደ አንቀጽ 6 ሲያልፍ ግን ደስታው ይቀንሳል። በዚያ ሥራው ጥበቃ የሚያገኘው ወጥ ከመሆኑ በላይ የተጻፈ፣ የተቀረጸ ወይም በሌላ መንገድ ግዙፍነት ያገኘ ሲሆን ነው ተብሎ ተወስኖአል። እንግዲህ ሕጉ በአንድ እጁ የሰጠውን በሌላ እጁ መልሶ ወሰደው ማለት ነው። በቃል የቀረበ ሥራ ሥራ ነው፤ ነገር ግን በቃል ብቻ እስከ ቀረ ድረስ ባለቤት የለውም።

የሚገርመው ከዚህ በፊት የነበረው ሕግ በዚህ ረገድ የሰፋ መሆኑ ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው፣ ፈረንሳዊው ፕሮፌሰር ሬኔ ዳቪድ ያረቀቁት የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 1647 የአእምሮ ሥራ ደራሲ ሥራውን በመፍጠሩ ብቻ መብት ያገኛል ይል ነበር፤ የሥራውንም ቅርጽና ዓላማ አይመረምርም። በፈረንሳይ ዘንድ ያልተጻፈ ንግግርም ጥበቃ ስላለው ነገሩ ከዚያ የመጣ ሳይሆን አይቀርም። ሆኖም የባሕር ማዶው ምሁር ያረቀቁት ሕግ ለዋድላና ለጎንጅ ሊቅ ከዛሬው አዋጅ ይልቅ የሚመች ሆኖ መገኘቱን አንባቢ ልብ ይበል።

«ይህ ሁሉ ለምን? ዛሬ የእጅ ስልክ የሌለው ሰው የለም፤ ቅኔው ይቀረጻል፤ በተቀረጸም ጊዜ ጥበቃ ያገኛል» የሚል ይኖራል። ችግሩ ያለው በዚሁ ላይ ነው። የቀረጸው ማነው? ሊቁ መወድሱን ስምንት ቤት አድርጎ ሲያሰማ ከምእመናኑ አንዱ ስልኩን ያነሣል፤ በማግሥቱ በዩቲዩብ ላይ ይለጥፈዋል፤ የማስታወቂያውም ገንዘብ ቢኖር ለለጣፊው ነው። አዋጁ ሥራው መቀረጽ አለበት ሲል በማን እጅ፣ በማንስ ፈቃድ እንደሆነ አልገለጸም። የ1976 (እ.ኤ.አ.) የአሜሪካ ሕግ በደራሲው ወይም በእርሱ ሥልጣን መቀረጽ አለበት ይላል፤ የ1988ቱ (እ.ኤ.አ.) የእንግሊዝ ሕግ ደግሞ ደራሲው ፈቀደም አልፈቀደም የቀረጸው ማንም ቢሆን ለውጥ የለውም ይላል። የእኛ ዳኛ የአሜሪካውን መንገድ ቢከተል ያለ ፈቃድ የተቀረጸው ሊቅ በመዘረፉ ምክንያት ደግሞ መብት ያጣል፤ ይህም ፍርድ አይባልም። ስለዚህ የእንግሊዙ ትርጓሜ ይሻላል እንላለን።

እንግሊዞችም ቢሆኑ ወደዚህ የደረሱት ተቸግረው ነው። ሎርድ ሮዝበሪ የተባሉት የፖለቲካ ሰው ያደረጓቸውን ንግግሮች የዘ ታይምስ ጋዜጣ ዘጋቢዎች በአጭር ጽሕፈት ይዘው አወጡዋቸው። ጆን ሌን የተባለ አሳታሚ ከዚያ ወስዶ በመጽሐፍ ቢያትማቸው ክርክሩ እስከ ላይኛው ምክር ቤት ደረሰና በ1900 (እ.ኤ.አ.) ለጋዜጣው ተፈረደ። ዘጋቢው ላደረገው ዘገባ ደራሲ ሆኖ ተቈጠረ፤ ተናጋሪው ግን በክርክሩ አልገቡበትም ነበር። ያ ሁሉ የተባለው ስለ ጸሐፊው ድካም እንጂ ስለ አፍላቂው አልነበረም።

አዋጁ ለከዋኝ የሰጠው መብት ክፍተቱን ይሞላ ይሆን? ሊቁን እንደ ከዋኝ ብንቈጥረው ድምፁን ያለ ፈቃዱ እንዳይቀርጹት ለመከልከል ይችላል። ይህ ጥቂት ነገር አይደለም። ነገር ግን የከዋኝ መብት አቀራረቡን እንጂ ቃሉን አይጠብቅም፤ አንዱ ቅኔውን በጆሮው ይዞ፣ ቤቱ ገብቶ ጽፎ በራሱ ስም ቢያሳትመው ድምፅ አልተነካምና ከዋኙ የሚለው የለውም። በቅኔ ቤት ደግሞ በጆሮ መያዝ የተማሪው የዕለት ሥራ ነው።

በዳኛ ፊት ያልተጻፈ ነገር አይረጋገጥም የሚለው መከራከሪያ ይበልጥ ይከብዳል። እኛ ግን ማስረጃና መብት የተቀላቀሉ ይመስለናል። በቃል የተደረገ ውል ለማስረዳት ቢያስቸግርም ስለዚህ ብቻ ውል አይደለም አይባልም፤ ከሳሽ ምስክር ያቀርባል፤ ካላቀረበ ይረታል። ቅኔ ደግሞ በጉባኤ ፊት የሚባል ነው፤ ከሰሙት መካከል ሁለት መስመር ጉባኤ ቃና ለዓመታት በቃሉ የሚይዝ አይጠፋም። መልአከ ብርሃን አድማሱ ጀምበሬ በ1963 ዓ.ም. ያሳተሙትን መጽሐፈ ቅኔ «ዝክረ ሊቃውንት» ማለታቸው ራሱ የሙያው ሰዎች አብልጠው የሚሹት የስም መታሰቢያ መሆኑን ያሳያል።

ቅጣቱም ለዚህ ዓይነቱ ነገር አልተመጠነም። አዋጁ በ1996 ዓ.ም. ሲወጣ መብቱን ዐውቆ ለጣሰ ሰው ከ5 እስከ 10 ዓመት ጽኑ እስራት ደንግጎ ነበር፤ ለሞራል ጉዳት የሚከፈለው ካሣም ከ100,000 ብር አያንስም። ካሴትና ሲዲ እያባዛ ለሚነግድ ይህ ይገባው ይሆናል። የገዛ ደቀ መዝሙሩን ወደ ወህኒ ለመስደድ የሚከስ መምህር ግን ከየት ይገኛል? እርሱ የሚፈልገው «ይህ ቅኔ የእገሌ ነው» ተብሎ እንዲጻፍለት ብቻ ነው። ስለዚህ አዋጁ ወደ ፊት ሲሻሻል በአንቀጽ 6 ላይ የቀረጸው ማንም ቢሆን መብቱ የአፍላቂው እንደሆነ ይገለጽ፤ በስም የመጠራት መብት ደግሞ መጻፍንና መቀረጽን አይጠብቅ፤ ለእርሱም ስም በማስጻፍ የሚያልቅ ቀላል ዳኝነት ይኑረው እንላለን።

የአዝማሪው ነገር ሳይፈታልን ቀርቶአል። በአዝማሪ ቤት አንዱ «ተቀበል!» ብሎ ግጥም ይሰጣል፤ አዝማሪው በማሲንቆ ይዘፍነዋል፤ ሦስተኛው ይቀርጸዋል። አዝማሪው ከዋኝ ነው፤ ቀራጩም የድምፅ ቀረጻ አዘጋጅ ነኝ ሊል ይችላል። ግጥሙን ያፈለቀው ግን ሽልማቱን ከግንባሩ ላይ ለጥፎለት ወደ ቤቱ ይሄዳል። ከእኛ አንዳንዶቹ ሰውየው ግጥሙን በስጦታ ስለ ለቀቀው የሚጠይቀው የለም ሲሉ፣ ሌሎቹ ለአንድ ማታ ጨዋታ የሰጠ ሰው ለዩቲዩብ ሰጥቶአል አይባልም አሉ፤ ይህን እስክንጽፍ ድረስም አልተስማማንም።